ዘውድ የጫነው ሌባ

ቤጂንግ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ፣ እታለሜ ፈትሂያ፣

እንዴት ናችሁ? እማስ፣ አባስ፣ የጨርቅ ሱቅሽስ? ከሱቅሽ ፊት ለፊት የሚጮኸው ወፍጮ ሳይቀር ናፍቆኛል፤ ቡታጅራ ሳለሁ ሳማርረው እንደነበር አትንገሪብኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው። ሬዲዮ የሚያወራለት በሽታ እኔ ያለሁበት ከተማ ገብቷል። ሳርስ ይሉታል። የዩኒቨርሲቲያችን በር ስለተዘጋ ግን ከግቢ የሚወጣም የሚገባም የለም። ጠዋትና ማታ ትኩሳታችንን ይለኩናል። ኮሪደሩን ኮምጣጤ እያፈሉ ያጥኑታል፤ እኔም ብርድ ልብሴም ሰላጣ ሰላጣ መሽተት ጀምረናል።

ለምን አትደውልም ላልሽው፣ ወደ ውጭ አገር የሚደወልበት ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። ቆሜ አየዋለሁ እንጂ አልደርስበትም። የማደሪያ ሕንፃችን ስልክ ይቀበላል እንጂ አይደውልም፤ የሚያነሳውም ጥበቃ ከቻይንኛ ሌላ አይሰማም። እማ ተመልሶ ይምጣ ማለቷንም ሰማሁ። እንኳን ቡታጅራ፣ ዳቦ ቤት መሄድ አልተፈቀደልኝም በያት።

የክፍል ጓደኛዬ ኪዱ ደህና ነው። ለጊዜው ሌላ ክፍል ተዛውሯል እንጂ አሁንም አብረን ነን። ለእናቱ ለእትዬ መሰለች ራሱ ይጽፍላታል።

አባ ግን ምን ሆኖ ነው? በመጨረሻው ደብዳቤሽ ላይ ስለ በርበሬው አንድም ቃል የለም። «አባ ሰላም ይልሃል» ብቻ ብለሽ አለፍሽው። የዘንድሮው የማረቆ በርበሬ እንዴት ሆነ? ደላሎቹን አሁንም ያስለቅሳቸዋል?

ወንድምሽ ዑመይር ሀቢቡ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወዐለይከ ሰላም፣ ዑሜ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ብጠይቅህ ደህና ነኝ ነው የምትለው፤ ችግራችንም እሱ ነው።

የአንተ ደብዳቤና የኪዱ ደብዳቤ በአንድ ቀን ገቡ። ኪዱ ለእናቱ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃለህ? «አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አተኩሶት በአምቡላንስ ወሰዱት፤ እኔ ግን ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ይላል። ከኪዱ ጋር የሚኖረው ማን ነው? አንተ ነህ።

እትዬ መሰለች እኛ ቤት መጣች። እንዲያው ተቀመጠች። ምሳ ብናቀርብላት እንቢ አለች፣ ግድግዳውን አየች፣ «ከዑመይር ምን ሰማችሁ?» አለች። ደብዳቤ ጻፈ፣ ደህና ነው አልናት። «እሰይ፣ እሰይ» አለችና ትንሽ ቆይታ እንደገና «ምን ሰማችሁ?» አለች። ስትወጣ እማን አቅፋ ስማ ስማ አልለቅ አለቻት። ዑሜ፣ መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ለእማ ማን ያስረዳታል? እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ልቅሶ ጀመረች። እኔ እትዬ መሰለችን እስከ ወፍጮ ቤቱ ተከትዬ በስንት ልመና የኪዱን ደብዳቤ አስነበብኳት።

ያንተን ደብዳቤ ለአባ አሳየሁት። እጁ ነው፣ አጻጻፉ የሱ ነው፣ ቀልዱም የሱ ነው አልኩት። አባ ምን እንዳለኝ ልንገርህ። አጎታችን ሙባሪክ ጅዳ ሲሞት አያታችን እስክትሞት ድረስ ደብዳቤው ሳይቋረጥ ይመጣላት ነበር፤ ታስታውሳለህ? ትስመው ነበር። ለካ የሚያስጽፈው አባ ራሱ ኖሯል። የሙባሪክን እጅ አስመስሎ የሚጽፍ ጓደኛው ነበር፤ አባ ይነግረዋል፣ እሱ ይጽፋል። «የውሸት ደብዳቤ ምን እንደሚል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለኝ። «ደህና ነኝ ነው የሚለው። ቀልድም አለው፤ ቀልዱን እኔ ነበርኩ የምጨምርበት።»

ከዚያ ወዲህ እማ ታለቅሳለች፣ አባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔ በሁለቱ መሀል ቆሜ ዑመይር አለ እላለሁ፤ እኔም ግን እውነቱን ንገሪ ብትለኝ እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ የአባን ስማ። ደላላ ከማረቆ ከቆሼ ሲመጣ አባ ዋጋ እንደማይጠይቅ ታውቃለህ። ስለ ዕቃው ተናገር ይለዋል። ዕቃውን ያላየ ያሞግሳል፣ ያየ ነውሩን ይናገራል ይላል። ለአንተም እንደዚያው አዞብሃል። በሽታው ከምን ከምን እንደተሠራ፣ እያንዳንዱ ነገሩ ምን እንደሚሠራ ይናገር ብሏል። በቻይና ቃል ሳይሆን እሱ በሚያውቀው ነገር። በስምህ የሚጽፈው ኪዱ ከሆነ፣ እሱ የመንገድ ሥራ እንጂ እንዳንተ የበሽታ ተማሪ ስላልሆነ ይህን ፈጥሮ ሊጽፈው አይችልም ብሎ አስቦበታል።

አባ ደህና ነው። ሙቀቱ ጠንክሮ ከቤት ብዙ አይወጣም እንጂ ደህና ነው።

እህትህ ፈትሂያ


ቤጂንግ፣ ግንቦት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለሜ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አልሞትኩም!

ኪዱን አንቄ ልገድለው ምንም አልቀረኝም። በአምቡላንስ የተወሰደው እሱ ራሱ ነው። አተኮሰው፣ ወሰዱት፣ ብቻውን አንድ ክፍል ዘግተውበት አቆዩት። የተለመደ ጉንፋን ሆኖ ተገኘና መለሱት። እናቱ እንዳትደነግጥ ብሎ በሽታውን አንስቶ ለኔ ሰጠኝ! «አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ስል እናቴ ቻይናዊ ይመስላታል ብዬ ነው» ይላል። እኔም ለእናንተ ሌላ ክፍል ተዛውሯል ያልኩት ልደብቃችሁ ብዬ ነው፤ ያኔ ሳርስ ይሁን አይሁን አናውቅም ነበር። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ እውነቱን ለእትዬ መሰለች እየጻፈ ነው፤ እኔ ቆሜ አስጽፈዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ለአባ አንብቢለት።

አባ፣ ይህ ነገር ቫይረስ ነው። ብቻውን አይበላም፣ አይራባም። የሰው ገላ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው ሥራ የሚጀምረው። የተሠራውም ከትንሽ ነገር ነው፤ መሀሉ ላይ የመራቢያ መልእክቱን የያዘ ረጅም ክር አለ፣ ዙሪያውን ስብ ለብሷል፣ የቀረው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስልህ ሥጋና ባቄላ ውስጥ አለ የሚሉትን ዓይነት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽና የራሱ ሥራ አለው።

ከላይ የቆሙት እንደ ጉጥ ናቸው። በትልቅ ማጉያ ሲታይ ቫይረሱ ዘውድ የጫነ ይመስላል፤ ኮሮና ያሉትም ለዚህ ነው። የጉጦቹ ሥራ መያዝ ነው። ማሳ አቋርጠህ ስትመጣ ጋቢህ ላይ የሚጣበቀውን ጭጎጎት አስብ። እንደዚያ አድርገው የሳንባችንን ሕዋስ ይይዙታል።

በጉጦቹ መካከል፣ ስቡ ውስጥ የተተከለ ሌላ ፕሮቲን አለ። ከሁሉም በቁጥር የሚበዛው እሱ ነው። ቅርጽ ይሰጣል፤ የቤት ማገር በለው። ሌሎቹንም እየጎተተ ቦታ ቦታቸውን የሚያስይዛቸው እሱ ነው። እዚያው ስቡ ውስጥ ደግሞ በጣም ትንሽ፣ ቁጥሩም ጥቂት የሆነ አለ። እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ግን አዲስ የተሠራው ቫይረስ በደንብ ተሰፍቶ እንዲወጣ የሚያግዘው እሱ ነው። ከዚህ በሽታ ዘመዶች ላይ ይህን ትንሹን ሲያወጡት ቫይረሱ ይኮላሻል።

አራተኛው ከውስጥ ነው። እማ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል እንደምትጠቀልለው ያንን ረጅም ክር ጠቅልሎ ይይዘዋል። እኛ ቤተ ሙከራ የምንሠራው በዚህኛው ላይ ነው፤ የታመመ ሰው ደም ይህን ፕሮቲን ስለማይረሳው በሽታው ይዞት የነበረውን ሰው ለመለየት ይጠቅማል። ቫይረሱ ራሱ እኛ ጋ የለም፣ እማ አትደንግጥ።

የቀሩትን ይዟቸው አይመጣም። ከገባ በኋላ በሰውየው ዕቃ፣ በሰውየው ጉልበት ያሠራቸዋል። መጀመሪያ እንደ አንድ ረጅም ሰንሰለት ሆነው ይሠራሉ። ከመሀላቸው መቀስ የሆኑ አሉ፤ ሰንሰለቱን ይቆራርጡታል። የተቆራረጡት ደግሞ ክሩን እየገለበጡ ያባዙታል። ሲወጣም ባዶ እጁን አይወጣም፤ የሚለብሰው ስብ ራሱ ከዚያው ሰው ሕዋስ የሰረቀው ነው። ሳሙና የሚያሸንፈውም እዚህ ላይ ነው። ክትፎ የበላ እጅ በውኃ ብቻ አይጠራም፣ በሳሙና ግን ቅቤው ይለቃል። የሱም ስብ እንዲሁ ይለቃል፣ ስቡ ከሄደ ጉጡም ማገሩም ይበተናል።

አሁን ነውሩን ልናገር። ጥቂት ሌሎች ትናንሽ ፕሮቲኖች አሉት። ምን እንደሚሠሩ አላውቅም። ፕሮፌሰሬም አያውቁም። ጉጦቹ ሰው ላይ የሚይዙት ምኑን እንደሆነ እንኳ ገና አልታወቀም፤ የዓለም ሰው ሁሉ እየፈለገ ነው። ካመንከኝ እመነኝ፤ ካላመንከኝ ከዚህ በላይ የማሳይህ ዕቃ የለኝም! ልጁ ቆሞ እያወራው ሞተሃል የሚል አባት ደግሞ አላየሁም!

ፈትሂያ፣ ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አታንብቢ። ይህን ሁሉ የጠየቀው በእርግጥ አባ ነው? ስለ ትምህርቴ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። በሙቀት ምክንያት ከቤት የማይወጣ አባም አላውቅም፤ ገበያ የሚውለው እኮ ጃኬት ደርቦ ነው። ንገሪኝ።

ዑመይር


ቡታጅራ፣ ሰኔ 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ዑሜ፣ የኔ ቁጡ፣

እኔስ ደብዳቤህን ስከፍት ከመቸኮሌ የተነሳ ፖስታውን ለሁለት ቀደድኩት። «አልሞትኩም» የሚለውን ሳነብ ሱቁን ለደንበኛ ትቼ በሩጫ ቤት ደረስኩ። አሁንም አልተመለስኩም፤ ሰርቀውኝ ከሆነም ይስረቁኝ።

አባ ትራሱን ደገፍ ብሎ አዳመጠኝ። ጉጡን ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል፣ ማገሩን ስነግረው ጣሪያውን ያያል። የሰረቀውን ስብ የሚለብሰው ላይ ስደርስ «ሌባ ነዋ! ከሰው ቤት ሰርቆ ለብሶ ደግሞ ዘውድ ይጭናል። እንዲህ ያለውንስ ብዙ አይቻለሁ» አለ። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ግድግዳም ጆሮ አለው።

«አላውቅም» ያልከው ጋ ስደርስ እጁን አነሳ። «ምን አለ? ድገሚው።» አላውቅም ይላል፣ ፕሮፌሰሩም አያውቁም ይላል አልኩት። ቀጥዬ ያንን ቁጣህን አነበብኩለት። አባ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ። «ይሄ ልጄ ነው!» አለ። «በሞተ ሰው ስም የሚጽፍ ሰው አላውቅም አይልም። ደግሞ ልጅ ለሞተበት አባት ይራራል እንጂ አይቆጣውም። እኔ በሙባሪክ ስም ስንት ደብዳቤ ሳስጽፍ እናቴን አንድ ቀን አስቆጥቻት አላውቅም።» ከዚያ አለቀሰ፤ እንደ ልጅ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አባ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

እማ እልልታዋን አቀለጠችው። ባለሱቁ ጎረቤታችን ከድሮ፣ «ምን ሰርግ አለ?» ብሎ መጣ። እትዬ መሰለችም የኪዱን ደብዳቤ ይዛ መጣች፤ ለካ የታመመው የኔው ኖሯል እያለች ግማሽ ታለቅሳለች ግማሽ ታፍራለች። እማ ያን ቀን ያቀፈቻትን ያህል መልሳ አቀፈቻት።

አባ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ ብሏል። አንደኛ፣ ጭጎጎት ይይዛል እንጂ ቤት አይገባም፤ ያንተ ቫይረስ ከያዘ በኋላ እንዴት ነው የሚገባው? ምሳሌህ ጎደሎ ነው ብሏል። ሁለተኛ፣ ከብት ይይዛል ወይ?

ነገ እኔ፣ አባና እማ ወደ ወልቂጤ እንሄዳለን፤ ዘመድ ጥየቃ። ለብቻዬ ለጠየቅከኝ መልሱ፣ አዎ፣ የጠየቀው ራሱ ነው። አባ ደህና ነው።

ፈትሂያ


ቤጂንግ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ፈትሂያ፣

የግቢያችን በር ተከፈተ። መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ስልክ ቤቱ ነው። ወደ ባለሱቁ ወደ ከድሮ ደወልኩ፣ አነሳው። ዑመይር ነኝ፣ አባን ጥራልኝ አልኩት። «ሁሉም አታት ናቸው» አለ፣ ሌላም ነገር ሊል ሲል መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይጠራም። በማግስቱ ዘመድ ጥየቃ የሚለው ደብዳቤሽ ደረሰኝ።

አታት ማን ዘመድ አለን? ወልቂጤ አጠገብ፣ አታት ያለው ሆስፒታል ነው።

«አባ ደህና ነው» የምትለዋን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። በፊት እንዲሁ ሳላያት የማልፋት ቃል ነበረች፤ አሁን ሳያት ደብዳቤውን አጥፌ መልሼ እከፍተዋለሁ። አባ ስለ እኔ ደብዳቤ ያለው ሁሉ ገባኝ። ትራስ ደግፎ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ ብለሽ ጽፈሻል። ያንን ስታነብቢ የነበረው ለማን ነው? ጥያቄዎቹን አንቺ ፈጥረሻቸው ይሆን? ይቅር በይኝ፣ አእምሮዬ የማይሄድበት የለም። ኪዱ ምግብ ያቀርብልኛል፣ አልበላም፣ ይቆጣኛል።

ጥያቄዎቹን ግን እመልሳለሁ። ካልመለስኩ አባ የለም ብዬ ማመኔ ይሆናል።

አባ፣ ስለ ጭጎጎቱ ልክ ነህ፣ ምሳሌዬ ጎደሎ ነው። ጉጡ ከያዘ በኋላ ቅርጹን ይለውጣል፤ ይታጠፍና ቫይረሱን ወደ ሕዋሱ ይስበዋል። የሁለቱም ሽፋን ስብ ስለሆነ ሲነካኩ፣ ወጥ ላይ ሁለት የዘይት ጠብታ እንደሚቀላቀል አንድ ይሆናሉ። ያኔ ክሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለ ከብቱ፣ ይህ በሽታ የሰው ነው። ጥጃን ተቅማጥ የሚያስይዝ ዘመድ ግን አለው። የጥጃው ከላዩ አንድ ተጨማሪ አጠር ያለ ጉጥ አለው፤ ይሄኛው የለውም። ይህን እያነበበችልህ ከሆነ አባ፣ እባክህ ምሳሌዬን እንደገና ተቃወመኝ።

እታለሜ፣ ደህና ነው አትበይኝ። ክፉውን ጻፊልኝ። ምንም ይሁን ምን ክፉውን አስቀድሚና ጻፊልኝ።

ዑመይር


ቡታጅራ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ ዑሜ፣

እሺ፣ ክፉውን አስቀድማለሁ።

የአባ የኦፕራሲዮን ቁስል አመርቅዞ ነበር፤ በዚያ ምክንያት አታት ካሰብነው በላይ ቆየን። አሁንም ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቅቤ ተከልክሏል፤ ክትፎ ያለ ቅቤ አሳዩትና «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቅጣት ነው» ብሎ ሳህኑን ገፋው። እማ ወልቂጤ ላይ ከመኪና ስትወርድ ጭቃው አንሸራትቷት የእጇን አንጓ ወለም አላት፤ እስካሁን ቆጮ የምጋግረው እኔ ነኝ፣ ሁሉም ስለ ቆጮዬ ያማርራል። ቆሼ የተከማቸው በርበሬ የሚያገላብጠው ጠፍቶ ሻገተ። ደላላው መጥቶ አንደኛ ደረጃ ነው ብሎ ሊምል ሲል አባ ከአልጋው ሳይነሳ አባረረው። የከድሮን ስልክ መብረቅ መታው። ከወልቂጤ ቴሌ ሄጄ ወዳንተ ደውዬ ነበር፤ ያው ጥበቃ አነሳው፤ እሱ በቻይንኛ እኔ በአማርኛ ተጯጯህንና ዘጋን።

አሁን ከሥሩ ልንገርህ። አባ የሐሞት ጠጠር አለበት ተብሎ ነበር፤ ገና የሚያዝያው ደብዳቤህ ሳይደርሰን። ቶሎ ይሠራ፣ ከቆየ ይፈነዳል አለን ሐኪሙ። አታት ቀጠሮ ተያዘለት። በዚያው መሀል እትዬ መሰለች መጥታ ያንን መቀመጥ ተቀመጠች። አባ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቢ አለ። «ልጄ መኖሩን ሳላውቅ ቢላ ሥር አልተኛም» አለ። ያመዋል፣ ትራሱን ይነክሳል፣ እንቢ ይላል። ሐኪሙ ለመነው፣ እማ ለመነችው፣ የመስጊዱ ሼህ መጥተው ለመኑት። ላንተ ያልጻፍኩት በር ተዘግቶብህ ምን ታደርጋለህ ብዬ ነው። እኔ ብቻዬን ልሸከመው ብዬ ነው፤ አልቻልኩበትም።

ያ ስለ ፕሮቲኖቹ የጻፍከው ደብዳቤ የደረሰ ዕለት፣ ለቅሶውን እንደጨረሰ ፊቱን ጠረገና «መኪና ጥሩ» አለ። አታት ተራ ጠበቅን፣ ተሠራለት። ጠጠሩን በብልቃጥ ሰጡን፤ ያወጣለት ሐኪም እንዴት እስካሁን ቻልከው ብሎ ተገረመ።

ከሁሉ የሚገርምህ ግን የተኛበት ክፍል ነው። ከአልጋው መነሳት ሳይችል ጠያቂ በመጣ ቁጥር እጅህን በሳሙና ታጠብ ብሎ ያዛል። ለምን ሲሉት ጉጡን፣ ማገሩን፣ ጥቅሉን፣ መቀሱን፣ የተሰረቀውን ስብ እየተረከ ያስረዳቸዋል። የሚያስታምሙት ሁሉ ተሰብስበው ይሰሙታል። አንድ ቀን ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችው። ሲጨርስ «ይህን ማን አስተማረህ አባቴ?» አለችው።

«ልጄ ነው» አላት። «ቻይና ያለው። በሕይወት ያለው።»

አንቺም መስክሪ በሚል ዓይን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ይኸው የመጨረሻው ደብዳቤህም ደረሰ። አነበብኩለት። እባክህ ተቃወመኝ ያልከው ጋ ስደርስ «የዘይቱ ምሳሌ ደህና ነው፤ በል አሁን ምግብህን ብላ በዪው» አለ። ስለዚህ ብላ።

እማ ደህና ናት። እኔ ደህና ነኝ። አባ ደህና ነው፤ ደህና ስልህ ዛሬ ደህና ማለቴ ነው።

እህትህ ፈትሂያ ሀቢቡ